ሁለቴ የማይጠየቀው እንዝርት

ነበረ ይላሉ፤ ነበረ ያሉት ሁሉ ግን እዚያ አልነበሩም። በአንድ ሩቅ አገር፣ በረዶ በማይለቀው ተራራ አናት ላይ፣ በጨለማ ዋሻ ውስጥ አንድ እንዝርት ነበረ። ጥጥ አይፈትልም፤ የሚፈትለው ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ሲጠይቁት ማንም ሳይነካው መሽከርከር ይጀምራል። በሚሽከረከርበትም ጊዜ መንገድ የተባለውን ሁሉ፣ የቀኙንም የግራውንም፣ የሚያደርሰውንም የሚያስቀረውንም፣ በአንድ ጊዜ ይሄድበታል። ሲቆም ግን ከሄደባቸው ሁሉ አንዱን ብቻ ይናገራል።

እንዝርቱ አመለኛ ነበር። ሲሽከረከር ዓይን ካረፈበት፣ ወይም የሰው ትንፋሽ ከነካው፣ ወይም ደጅ ላይ አንዲት በቅሎ ከረገጠች፣ የያዘውን ሁሉ ይረሳና እንዳገኘው ይቆማል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ጥያቄውን ይነግሩትና በሩን ዘግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ በውጭ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገውም ቢሆን አልፎ አልፎ ይስታል። ለምን እንደሚስት የሚያውቅ አልነበረም፤ ይስታል ብሎ የሚናገርም አልነበረም።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች እንዝርቱን እጅግ ያከብሩት ነበር፤ ጣጣውን ያመጣውም ማክበራቸው ነው። አንድ ጊዜ «የንጉሡ አማካሪ እንዴት በብርድ ይቀመጣል?» ተባለና ማዕረግ ተሰጥቶት፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ የከፋይ ካባ ተደረበለት። እንዝርቱ ሞቀው። ሞቆት ዓመቱን ሙሉ ያልሆነውን ሲለፈልፍ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ጠባቂ ደፍሮ ካባውን ገፈፈለት፤ ጠባቂው የባለማዕረግ ልብስ በመግፈፍ ተከሶ ታሰረ። በዚያ ዓመት በእንዝርቱ ቃል የወጡት አዋጆች ግን እስካሁን አልተሻሩም። በዚያ አገር ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት የተከለከለው ያኔ ነው።

ማዕረጉ ሌላም መዘዝ ይዞ መጣ። በአገሩ ወግ ባለማዕረግ ሁለቴ አይጠየቅም። ሹም ከተናገረ ወዲያ «እንዴት አሉኝ?» ማለት «አላመንኩዎትም» ማለት ነው፤ በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ያልሰማውን ሰምቻለሁ እያለ ኖረ። እንዝርቱም ባለማዕረግ ስለሆነ ሁለቴ የማይጠየቅ ሆነ።

ከዘመናት በኋላ የጎረቤት አገር ንጉሥ የራሱን እንዝርት ለሕዝብ ከፈተ የሚል ወሬ መጣ። የዚህኛው ንጉሥ «ከእነሱ አንሰን ነው?» አለና አዋጅ አስነገረ፦ ድሃ ሀብታም፣ ሴት ወንድ፣ ቅርብ ሩቅ ሳይባል ማንም ሰው ከቤቱ ሳይርቅ እንዝርቱን ይጠይቅ። ከተራራው አናት ጀምሮ ገመድ በሸለቆው በሜዳው ተዘረጋ። በየመንደሩ የገመድ ቤት ተሠራ፤ በየገመዱ ጫፍም አፉ የተቀደደ ቅል ታሰረ። በቅሉ የተናገሩት በገመዱ ላይ ሄዶ ዋሻው ይደርሳል፤ መልሱም ገመዱ እየተሳበ ይመጣል። መልካም አዋጅ ነበር፤ እውነቱን መካድ አይገባም። ችግሩ አዋጁን ያወጣው አንድ ሰው ሲሆን ደንቡን ያወጡት ሥራ የፈቱ ብዙ ሹማምንት መሆናቸው ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል። አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅ። በባዶ እግሩ ይግባ። በመካከል ያስነጠሰው ተራውን ለከርሞ ያሳልፍ። ምን እንደጠየቀ ለሚስቱም ቢሆን አይንገር፤ ጥያቄ ገመና ነውና። የተሰጠውን ቃል ሳያጓድል ይፈጽም። ቃሉን ፈጽሞ ክፉ ነገር ቢያገኘው፣ ልቡ ንጹሕ ሳይሆን ጠይቋል ማለት ነውና አይለቀስለት።

የገመዱ ጭራ ያለው በአንድ ትልቅ ረግረግ ዳር በተቀመጠች መንደር ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መንደሯን ስለሚውጣት፣ ሕዝቡ ከዝናቡ በፊት ከብቱን እየነዳ፣ ከጉብታ ወደ ጉብታ እየተሻገረ፣ ማዶ ወዳለው ከፍታ ይወጣል። ጭቃው ግን በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፤ አምና ላም የተኛችበት ጉብታ ዘንድሮ ዝሆን ይውጣል። ድሮ ሽማግሌዎች በረጅም ዘንግ እየወጉ፣ በጋውን ፈጅተው መንገድ ይፈልጉ ነበር። ገመዱ ሲመጣ ዘንጉ ተሰብስቦ ተቃጠለ፤ «እንዝርት እያለ ጭቃ መውጋት ንጉሡን መጠራጠር ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አባወራ ከዳር ሆኖ ያየውን ሁሉ፣ የትኛው ጉብታ ሣር እንዳበቀለ፣ በየትኞቹ መካከል ውሃው እንደጠቆረ፣ በቅሉ ይናገርና የየራሱን መንገድ ይቀበላል። ገመዱ ረዘም አድርጎ ሲሳብ ቀኝ ነው፤ አጠር ሲያደርግ ግራ ነው።

የገመድ ቤቱ አጋፋሪ ጓንጉል ይባል ነበር። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ከረግረጉ የተቆረጠ ረጅም ወይም አጭር ደንገል መሬት ላይ እየደረደረ ቃሉን ለጠያቂው ያሳያል፤ ጠያቂው በቃሉ ሲይዘው ጓንጉል ይጠርገዋል። ደንብ አክባሪ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ «ጓንጉል ደንብ ከሚሽር ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል» እያሉ ያሙታል፤ እሱም ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

ካቻምና ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ለመጠየቅ መጣ። ቃሉን የደረደረለት ጓንጉል ነው። ምንይችል በሬዎቹን ነድቶ፣ ሚስቱን ደብሪቱን ከፍየሎቹ ጋር ከኋላው አስከትሎ ሄደ፤ ረግረጉ መካከል ያለው ትልቁ ጉብታ ላይ ሲደርስ እንደተነገረው ወደ ግራ ታጠፈ። ደብሪቱ ስትደርስ ያገኘችው የበሬ ቀንድና የሚንቦጫረቅ ውሃ ብቻ ነበር። አልተለቀሰለትም። እሷም ልቡ ጠማማ የነበረ ሰው ሚስት ተባለች፤ ለድግስ የሚጠራት፣ ከቤቷ እሳት የሚጭር ጎረቤት አጣች።

ጓንጉል ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድሙን ስም አልጠራም። ያሰበ እንደሆነ ግን ማምለጫ አልነበረውም። ቃሉ ቅን ከሆነ የወንድሙ ልብ ጠማማ ነበር ማለት ነው፤ ያን ልብ ደግሞ በአንድ ቡሉኮ ሥር ተኝተው ካደጉበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። ልቡ ቅን ከሆነ ደግሞ… እዚህ ላይ ሲደርስ ይነሣና የተጠረገውን የገመድ ቤት እንደገና ይጠርጋል።

ዘንድሮ የመጠየቂያው ወቅት ሲደርስ ጫማዋን አውልቃ መጀመሪያ የገባችው ደብሪቱ ነበረች።

«ካቻምና ምንይችል የጠየቀውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አለች።

«ዝም በይ፤ ጥያቄ አይነገርም።»

«የኔን ገመና ያላየ አለ እንዴ? ይስሙ።»

«ያ ጥያቄ ተጠይቋል።»

«የጠየቀው እሱ ነው። እኔ አልጠየቅሁም። ደንቡ አንድ ሰው ሁለቴ አይጠይቅ ነው የሚለው፤ ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። ሁለት ሰው አንድ ነገር አይጠይቅ የሚል አለበት?»

ጓንጉል ደንቡን ከላይ እስከ ታች በልቡ አስኬደው። የለበትም። ሰው ሁሉ ጥያቄውን ስለሚደብቅ፣ ሁለት ሰው አንድ ጥያቄ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ሹም አልነበረም።

«ዘንድሮስ በምን ልትሻገሪ ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለሽ አንዲት ጥያቄ ናት እኮ፣ ደብሪቱ።»

«አውቃለሁ። የሱን ሳላውቅ ብሻገርስ የት እደርሳለሁ?»

ቅሉን ሰጣት። የካቻምናውን ረግረግ ጉብታ በጉብታ ተናገረችው፤ ደንቡ ቢከለክልም ከባሏ ጋር ማታ ማታ በድብቅ እየተቀባበሉ ያጠኑት ስለሆነ አንድም አልሳተችም። ገመዱ ጥቂት ቆይቶ መሳብ ጀመረ። ጓንጉል ደንገሉን ደረደረ። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም፤ ሁሉም ለወንድሙ እንደደረደረው ነው። ለወንድሙ የደረደረውን አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም። ትልቁ ጉብታ ላይ ሲደርስ ገመዱ ረዘም አድርጎ ተሳበ። ጓንጉል ረጅሙን ደንገል አስቀመጠ፤ እጁን ግን ከላዩ ማንሣት አቃተው።

«ቀኝ» አለች ደብሪቱ።

«አንዱ ሐሰት ነው» አለ ጓንጉል። «የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? የተሳሳተው ያንቺው ቢሆንስ?»

ደብሪቱ ይህን አላሰበችውም ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ደንገሉን ስታይ ቆየች።

«በሁለት አይታወቅም» አለች በመጨረሻ። «ሦስተኛ ሰው ይጠይቅ። ከዚያም ሌላ። ለምንይችል አይደለም፤ እሱስ አንዴ ቀርቷል። ስለ ዘንድሮው ረግረግ ይጠይቁ፤ ሁሉም አንዱን ጥያቄ።»

 ጓንጉል የዚያን ቀን ደንገሉን አልጠረገውም።

ደብሪቱ በየቤቱ ዞረች። አንዳንዱ በሩን ሳይከፍት «ጥያቄዬን አላካፍልም» አላት፤ አንዳንዱ ስለ ልቧ ጠማማነት ተናግሮ መለሳት። መጀመሪያ የሰማት አያ ዳምጠው የሚባሉ፣ ዘንጋቸው ሲቃጠል አመዱን ዘግነው ወደ ቤታቸው የወሰዱ ሽማግሌ ናቸው።

«እኛስ ድሮ አንዴ ወግተን እናምን ነበር እንዴ?» አሉ። «እዚያው ላይ እኔ እወጋለሁ፣ ወንድሜ ይወጋል፣ አማቼ ይወጋል። ጭቃ ለአንድ ሰው እውነቱን አይናገርም። ባለማዕረግም ቢሆን እንዲሁ ይመስለኛል፤ እንዳላልኩ ይሁንልኝ።»

አያ ዳምጠው እሺ ሲሉ ልጆቻቸው ተከተሉ፤ ልጆቻቸው ሲከተሉ አማቾቻቸው አፈሩና መጡ። በማግስቱ የገመድ ቤቱ ደጅ በሰው ተሞላ። ጓንጉል ደንቡን ሊጠቅስ አፉን ከፈተ፤ ደንቡ የጠየቀውን አይንገር ይላል እንጂ ሲጠይቅ አይሰማ ስለማይል መልሶ ዘጋው። ሰዎቹ በየተራ እየገቡ፣ ሌላው እየሰማ፣ ያንኑ የዘንድሮውን ረግረግ በቅሉ ተናገሩ። መጀመሪያ አካባቢ በሰው ፊት ልብስ የማውለቅ ያህል አሳፍሯቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን የተሳሳተውን ሰው፣ ደጅ ያለው ሁሉ እየጮኸ ያርመው ጀመር።

ደንገሉ ወለሉን ሸፈነው። ብዙው ረድፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ እዚህም እዚያም ግን አንዱ በመነሻው፣ ሌላው በማለቂያው ከሌሎቹ ይለያል። የሚያስገርመው የተለየባቸው ሰዎች ነገር ነው። ጾም ጸሎት የማያጓድሉት የእማማ ስንዱ ቃል ከሰው ሁሉ ተለይቶ ወጣ፤ የዶሮ ሌባው የጫኔ ቃል ከብዙዎቹ ጋር ልክ ገጠመ። ሕዝቡ ሳቀ። ጫኔ ራሱ «እንግዲህ ልቤን አያችሁት» ብሎ ደረቱን ነፋ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ፤ በየቤቱ ረግረጉ ውስጥ የቀረ አንድ ሰው ነበርና ሁሉም የየራሱን ማሰብ ጀመረ። ጓንጉል ወደ ውጭ ወጣ። ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወንድሙን የገደለው ልቡ አልነበረም። የገደሉት አንድ የሳተ ቃልና እንደገና ለመጠየቅ ያልደፈረ ወንድም ነበሩ።

ከመሻገሪያው ቀን በፊት ቃል አስከባሪው ከዋና ከተማ መጣ። በየዓመቱ በበቅሎ እየመጣ ሰው ሁሉ የተሰጠውን ቃል መፈጸሙን የሚያይ፣ ከሕዝቡም ጋር ተሻግሮ በማዶው መንገድ የሚመለስ ሹም ነው። ወለሉን አይቶ ደነገጠ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ቃል ነው፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «ሁሉም አንድ ነገር ጠየቁ።»

«ሁለቴ የጠየቀ አለ?»

«አንድም የለም።»

 ቃል አስከባሪው የሚከስበት ቢያጣም ያለ ሥራ የመጣ ሰው መምሰልም አልፈለገም።

«እንግዲያው ደንቡ ይፈጸም» አለ። «እያንዳንዱ የተሰጠውን ቃል ይሂድ። ግራ የተባለ ግራ፣ ቀኝ የተባለ ቀኝ። ከሌላው ጋር ተደባልቆ የተገኘ ቃል አፍርሷልና ከማዶ ሲደርስ ይታሰራል።»

 እማማ ስንዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መሬት አዩ፤ ብቻቸውን ወደ ጥቁሩ ውሃ ሊላኩ ነው። ልጃቸው «እናቴን አላሰጥምም» ሲል ደንግጠው አፉን በእጃቸው ያዙት። ሰው ሁሉ ጓንጉልን አየ። ጓንጉል ደግሞ ገመዱን አየ።

«ጌታዬ» አለች ደብሪቱ፣ «እርስዎስ የዘንድሮውን ጠይቀዋል?»

አልጠየቀም። በየዓመቱ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩን ዘግቶ ነበር የሚጠይቀው። አሁን ግን ሕዝብ እያየው እምቢ ማለት ስላልሆነለት «አርአያ እሆናችኋለሁ» ብሎ ጫማውን አወለቀና፣ አያ ዳምጠው እየነገሩት ረግረጉን በቅሉ ተናገረ። ገመዱ ተሳበ። ጓንጉል ደረደረ። ከሁለተኛው ጉብታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀኝ በተባለበት ቦታ፣ ገመዱ አጠር አድርጎ ተሳበ። እጁ ላይ ረጅም ደንገል ነበር። ያን ቢያስቀምጠው ማን ያውቅበታል? የሹሙ ቁጣም ይቀራል። ግን ከዚህ በኋላ በዚህ ወለል ላይ የማይታመን ደንገል እንዲኖር አልፈለገም፤ ረጅሙን መልሶ አጭሩን አኖረ።

ቃል አስከባሪው ረድፉን አየ። ጎን ለጎን የተደረደሩትን የሌሎቹን አየ። በደጁ በኩል ረግረጉን አየ፤ በሁለተኛው ጉብታ ግራ በኩል ውሃው ጥቁር ነው።

«ገመዱ እንዲህ ነው የተሳበው?»

«እንዲህ ነው፣ ጌታዬ።»

«እርግጠኛ ነህ? እስኪ ደግመህ…»

«ጌታዬ» አሉ አያ ዳምጠው በትሕትና፣ «ይሄ እኮ ሁለተኛ ጥያቄዎ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ሳቁ ሊያመልጠው የደረሰው ጫኔም ወደ ውጭ ወጣ። ደብሪቱ መንገዱን ለቀቀችለት። «ይቅደሙን፣ ጌታዬ። እርስዎ በቃልዎ ሲሄዱ እያየን፣ እኛም በየቃላችን እንከተላለን።»

ቃል አስከባሪው ጫማውን አንሥቶ ሲያጠልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ትእዛዝ በሚሰጥበት ድምፅ «ከብቶቹ ይቅደሙ» አለ።

«በየትኛው ቃል?» አለ ጓንጉል።

«በብዙው» አለ ሹሙ፣ ወደ ማንም ሳያይ።

በማለዳ ተነሡ። ከብቶቹ ቀደሙ፤ ሰው ተከተለ። እማማ ስንዱ በመካከል ነበሩ፣ ቃል አስከባሪውም በበቅሎው ላይ ሆኖ ከእሳቸው ኋላ። ሌላ ጊዜ የገመድ ቤቱን ዘግቶ ከሁሉ በኋላ የሚወጣው ጓንጉል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ወጣ፤ ከደብሪቱ በስተኋላ በጭቃው ይሄድ ነበር። ከጉብታ ወደ ጉብታ፣ ቀኝ በተባለበት ቀኝ፣ ግራ በተባለበት ግራ፣ መሬቱ ቻላቸው። አንዲት ፍየል እንኳ አልሰጠመችም።

ትልቁ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ደብሪቱ ቆመች። በግራ በኩል ዝም ያለ ውሃ ነበር፤ ሣር በቅሎበታል፤ ምንም የሚያስፈራ ነገር አይታይበትም። የኋለኞቹ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ፤ የፊተኞቹ መቆሟን ሲያዩ ቆሙ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ምንይችልዬ» አለች፤ ሁለት ዓመት የያዘችው ለቅሶ ነውና አንዴ ከወጣ የሚመልሰው አልነበረም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ አንዷ የራሷን ልጅ፣ ሌላዋ አባቷን መጥራት ጀመረች፤ ስማቸው ሳይጠራ የኖሩ ሁሉ በየተራ ተጠሩ።

ቃል አስከባሪው ከመካከል ሆኖ ጮኸ። «ይኼ የማን ለቅሶ ነው? ተከልክሏል እኮ!»

ፊቱም ኋላውም ሰው ነው፤ ከዚያ ወጥቶ የሚረግጥበት መሬት አልነበረም። ጓንጉል ወደ እሱ ዞረ።

«የወንድሜ ነው፣ ጌታዬ» አለው። «ምንይችል ይባላል። ልቡ ንጹሕ ነበር። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ልኬ ሳላስጠይቅለት ሰደድሁት።»

ቃል አስከባሪው ከበቅሎው ወረደ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ቆመ። ጓንጉል ደረቱን መታ፤ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ አለቀሰ።